ሀሁ በጩኸት ሲለካ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ የሐበሻ ልጆች አማርኛ የሚማሩበት ክፍሌ ግድግዳ የለውም። በሣር የተከደነ ራኩባ ነው። ጎኑ ክፍት ስለሆነ ነፋሱም፣ አቧራውም፣ የወላጆች ጆሮም እንደልቡ ይገባል። ከሦስቱ ፈተና የሆነብኝ ጆሮው ነው።

ወላጆቹ ልጆቻቸው ምን እንደተማሩ ለማየት አይመጡም። ያዳምጣሉ። ሻይ የምትሸጠዋ ከበራፉ፣ ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ የሚነዳው እያለፈ፣ ሰሊጥ የሚያራግፈው ከመጋዘኑ ደጃፍ ሆኖ ጆሮውን ያቆማል። «ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ» የሚል ከተሰማው ልጁ እየተማረ ነው። ጮክ ብሎ ከተሰማው ደግሞ ልጁ ነገ ዶክተር ነው። ከአጥሩ ማዶ ልጆች ቁርኣን በቃላቸው የሚይዙበት ኸልዋ አለ። የነሱ ድምፅ ከኛ በልጦ የዋለ ዕለት የወላጅ ኮሚቴው ያስጠራኛል። የኸልዋው ልጆች ሥራቸው በቃል መያዝ ነው፣ ያውቁበታልም። እኛ ግን የተባባልነው ማንበብ ነበር።

ሥራውን የያዝኩ ሰሞን ሰሌዳው ላይ «ዱባ» ብዬ ጻፍኩና አንዱን ጎበዝ ተማሪ አንብብ አልኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ከሀ ተነሣ። በለ በኩል፣ በመ በኩል፣ የፊደል ገበታውን አገር ለአገር ዞሮ ደ ላይ ሲደርስ «ደ፣ ዱ!» ብሎ ቆመ። ሁለተኛውን ፊደል ለማግኘት እንደገና ከሀ ተነሣ። ባ ላይ ሲደርስ ላቡ ወርዷል፣ ዱም ከአእምሮው ወጥታለች።

«ኡስታዛ፣ አነ ነሴት» አለኝ። መምህርት ሆይ ረሳሁት ማለቱ ነው። ሁሉም ልጆች እንዲሁ ነበሩ። ገበታውን ከዳር እስከ ዳር ይዘምሩታል፣ አንዲቷን ፊደል ለብቻዋ ካገኟት ግን አያውቋትም።

ስለዚህ ጩኸቱን ከለከልኩ። ድምፆቹን በሰውነታቸው እንዲይዙ አደረግኩ። ካዕብ አብዛኛውን ጊዜ ወገቡ ላይ ክንድ ያወጣል፤ ክንዳችንን እንዘረጋለን። ሣልስ ከሥሩ ጫማ ያደርጋል፤ እግራችንን ወደ ጎን እንሰዳለን። ራብዕ አንድ እግሩ ይረዝማል፤ እናነክሳለን። ኃምስ አልቦ ያጠልቃል፤ ቁርጭምጭሚታችንን እንይዛለን። ሳድስ ሕግ የለውም፣ እያንዳንዱን እንደ አመሉ መያዝ ነው። እንዲያውም ኮሚቴያችንን የሚመስል ሳድስ ብቻ ነው። ሳብዕም ቢሆን ከሱ ብዙም አይሻልም።

ልጆቹ ወደዱት። ክረምቱ ሳይገባ ከመተማ በመጣ የበርበሬ ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ጀመሩ። እኔም ኮራሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

መንገዱ ግን ምንም አልሰማም። አላፊ አግዳሚው ያየው በዝምታ የሚያነክሱ ልጆች ነው። አንዲት እናት ልጇ ቤት ውስጥ ሲያነክስ አይታ እሾህ የወጋው መሰላት፤ እግሩን በመርፌ ስትፈትሽ «ራብዕ ነኝ! ራብዕ ነኝ!» እያለ ሲጮህ ሰፈሩ ተሰበሰበ። በማግስቱ ወሬው ገበያውን ሞላው፦ አዲሷ ኡስታዛ ልጆቹን አሽመደመደቻቸው።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር መጣ። የሰሊጥ ደላላ ነው፤ ዕድሜውን ጨረታ ሲጮህ የኖረ ሰው።

«እህቴ፣ ምነው ትምህርት ቤቱ ሞተ?»

«አልሞተም። እያነበቡ ነው።»

«ያንብቡ፣ ማን ከለከለ? ግን ይሰማ! የማይሰማ ንባብ ለማን ይጠቅማል? ለወላጆች ቀን ሀሁ ከአስፋልቱ ድረስ እንዲሰማኝ እፈልጋለሁ። ኸላስ።»

ኸላስ ካለ አለቀ ነው።

በዚያ በዝምታው ጊዜ አንዲት ልጅ መጥታልኝ ነበር። ካርቱም ሲነድ ከአክስቷ ጋር ሸሽታ የመጣች፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ ከትንፋሽ የማይበልጥ። ሀሁውን መዘመር አታውቅም፣ ሲዘመር አልደረሰችማ። ማንበብ ግን ከሁሉም ትበልጣለች። አክስቷ በራፉ ላይ ሻይ ትሸጣለች። አባቷ ሀዋታ በምትባል የእርሻ ከተማ ትራክተር ነጂ ነው።

አክስቷ አንድ ቀን ብርጭቆ እያጠበች እንዲህ አለችኝ፦ «ኡስታዛዬ፣ ለወላጆች ቀን አባቷ ይመጣል። ምንም ካላወቀች ሀዋታ ወስዶ ለሠራተኞቹ ወጥ ሊያሠራት ነው። አባት ነው፣ እኔ ምን እላለሁ?»

ልጅቷ ድስት የምታነሣበት ክንድ እንኳ አልነበራትም። እኔ አለሁ አልኳት። በቀኑ እሷ እንድታነብ እቅድ ያዝኩ። ሊቀ መንበሩ ግን መርሐ ግብሩን ሲነግረኝ ንግግር፣ ሀሁ፣ ንግግር፣ ለስላሳ መጠጥ ሆኖ ተገኘ። «ንባብስ?» ስለው፣ «ለስላሳው ይሞቃል» አለኝ።

ቀኑ ደረሰ። ወላጆቹ ነጭ በነጭ ሆነው ምንጣፉን ሞሉት። የልጅቷ አባት ጀለቢያውን ለብሶ ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ ፀሐይ ያከሰለው ረጅም ሰው ነው። ሊቀ መንበሩ እጁን ሲያነሣ ልጆቹ የተከለከሉትን ሁሉ በአንዴ ለቀቁት። የራኩባው ሣር ረገፈ። ኸልዋው እንኳ ለአፍታ ዝም አለ። እናቶች እልልታውን አቀለጡት፣ ያቺ በመርፌ የፈተሸችው እናት ደግሞ ዕንባዋን ትጠርጋለች። ከጯኺዎቹ ስንቱ ዱባን ማንበብ እንደሚችል የጠየቀ የለም።

ልጅቷ መሐላቸው ቆማለች፣ መጽሐፏን ይዛ፣ አፏን ዘግታ። አባትየው ሌላውን ልጅ ሁሉ ትቶ አፏን አፏን ያያል። ፊቱ እየጠቆረ ሄደና ብድግ አለ።

«የኔ ልጅ ለምን ዝም አለች?» ብሎ ጮኸ።

መርሐ ግብሩን ረሳሁት። ልጆቹን ጸጥ አሰኘሁና «እሷ ታነባለች» አልኩ።

ገለጠች። ጣቷን ከመስመሩ ሥር አድርጋ አነበበች፦ «ዝናብ ዘነበ። ወንዙ ሞላ። ላሟ ከማዶ ቀረች።» አንድም ስሕተት የለበትም። እኔ አጠገቧ ሆኜ እንኳ ጎንበስ ብዬ ነው የሰማኋት።

«አይሰማም!» አለ ሊቀ መንበሩ።

«አልሰማሁም» አለ አባትየው።

ያን ጊዜ ቱግ አልኩ። «እናንተ ዘንድ ካልጮኸ የሚቆጠር ነገር የለም? ልጅቷ እያነበበች ነው! መስማት የሚፈልግ ቀርቦ ይስማ!» አልኳቸው። ለወላጅ እንዲህ አይባልም፤ ብያለሁ።

ሰውየው ወደኔ መጣ። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«አይቆጡ ኡስታዛ» አለኝ፣ አሁንም እየጮኸ። «ጆሮዬ ነው እኮ። ትራክተሩ በላው። ቀርበህ ስማ ካሉኝማ እቀርባለሁ።»

እንደነሱ ነው ብዬ የፈረጅኩት ሰው ልጁን መስማት ብቻ ነበር የፈለገው። ምንጣፉ ላይ በጉልበቱ ወረደና የተረፈውን ጆሮ አፏ ሥር አደረገላት።

«እዚህ በይልኝ።»

አነበበችለት። ከሁለቱ በቀር የሰማ አልነበረም። ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ፣ ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን አየ፣ ለስላሳው መሞቁን ቀጠለ። አባትየው ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል። ድንገት ቀና ብሎ ከአስፋልቱ በሚሰማ ድምፅ ጮኸ፦

«ከዚያስ? ላሟ ተሻገረች?»

ልጅቷ ገጹን ገለበጠች።

ሊቀ መንበሩ በመዝጊያ ንግግሩ ሀሁውን አመሰገነ፣ በሚቀጥለው ዓመት ማጉያ እንደሚገዛም ቃል ገባ። ጭብጨባው ገና ሳያልቅ አባትየው ወደ አክስቷ ሄዶ «ትቆይ» አላት። እሱ ቀስ ያለ መስሎታል፣ ሰው ሁሉ ግን ሰማ። ከዚያ ልጁን ግንባሯን ሳማትና ወደ ሀዋታ በሚሄደው ሎሪ ብቻውን ተሳፈረ።