የጭነት አብራሪው በአካል ይቅረብ

ዓርብ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፤ አዲስ አበባ

ሰዓት እላፊው እስኪያበቃ ድረስ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አነጋሁ። ትናንት ማታ ባዶውን አውሮፕላን ይዘን ከሰሜን ስንመለስ፣ ቢሮ ያለችው የደብዳቤ ሣጥኔ ውስጥ የሮማን ጽሑፍ ጠበቀኝ። ሮማን ሚስቴ ናት፤ አዋሳ ታስተምራለች። ያኔ ሀዋሳን አዋሳ ነበር የምንላት። ደብዳቤው ከተጻፈ አሥራ አንድ ቀን አልፎታል።

«ቀበሌ ‹ባልሽ ውጭ አገር ከድቶ ቀርቷል› ብሎኛል። አልቀረም ብል ማን ይስማኝ? ስኳሩንና ዘይቱን ካቋረጡብኝ ሰነበቱ። እስከሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ቀን ስድስት ሰዓት በአካል ካልቀረብህ ቤቱን አሽገው ለሌላ ይሰጡታል። መጥተህ ታይላቸው።»

ይኸው ነው። ከዚህ በላይ አንድ ቃል የለም፤ «ናፈቅኸኝ» እንኳ የለም። ሮማን ስትናደድ ቃል ትቆጥባለች።

ሰዎች አብራሪ ሲባል ይቀናሉ። እኔ ግን የጭነት አብራሪ ነኝ። ሰው የሚያጓጉዘው ባልደረባዬ በሰዓት ይነሳል፣ በሰዓት ያርፋል። የኔው አውሮፕላን ዕቃ ሲሞላ ይነሳል፤ ዕቃ ካልመጣ ተኝቶ ያድራል። ሥጋው ይበላሻል ይሉና በውድቅት ይቀሰቅሱሃል፤ ቡናው አልተመዘነም ይሉና ሁለት ቀን ይገትሩሃል። የበረራ ፕሮግራሙ ወር በገባ ቁጥር ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ በሦስተኛው ቀን በእርሳስ ተሰርዞ ታገኘዋለህ። ሮማን ወደ አዲስ አበባ ዝውውር ከጠየቀች ሦስት ዓመቷ ነው። ዝውውሩ እስኪመጣ እኔ ቦሌ አካባቢ በተከራየሁት ክፍል አድራለሁ፤ ዕረፍት ሳገኝ ወደ ቤቴ እሮጣለሁ።

በዚህኛው ዙር ከቤት ከወጣሁ አርባ አምስት ቀን ሆነኝ። አውሮፓ ላይ ሞተራችን እክል ገጠመውና መለዋወጫ ስንጠብቅ ሃያ ቀን ሄደ። ስንመለስም ትንፋሽ ሳንሰበስብ እህል ወደ ሰሜን ማመላለስ ጀመርን። በዚያ ዘመን ደግሞ ከውጭ ቶሎ ያልተመለሰ አብራሪ ለሰፈሩ ሰው ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው። ከአውሮፓ የላክሁላት ፖስትካርድ ጭራሽ ምስክር ሆነብኝ። «ይኸው፣ ውጭ አገር ነው ያለው!» አሏት።

የሚቀጥለው በረራዬ እሑድ ሲነጋ ነው። ያለችኝ የሁለት ቀን ዕረፍት ናት፤ ግማሿም መንገድ ላይ ታልቃለች።

12 ሰዓት ሊሆን ሲል፤ አውቶቡስ ተራ

ቲኬት የለም። ትናንት አልቋል። ሰው ጆንያውን፣ ዶሮውን፣ ፍራሹን ይዞ በር ላይ ይተራመሳል። እኔም የአብራሪ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ እየተጋፋሁ ሾፌሩ መስኮት ሥር ደረስሁ። ጋሽ ተሰማ ይባላሉ፤ ፀጉራቸው የነጣ፣ አንገታቸው ላይ ፎጣ የጠመጠሙ ሰው ናቸው። ደብዳቤውን አውጥቼ በመስኮት ሰጠኋቸው። ሌላ ምን ልስጣቸው? መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አነበቡት።

«ሞተሩ ላይ ከተቀመጥህ ና፤ ይፈጃል ግን።»

«ሞተር ለምጃለሁ፣ ጋሼ።»

ወጣን። ከተማዋ ገና ዓይኗን አልገለጠችም። ቃሊቲ ስንደርስ ጋሽ ተሰማ ዞር ብለው አዩኝ።

«ሰማይ ላይ ትኖራለህ፤ ታዲያ ወደ ቤትህ በአውሮፕላን አትሄድም?»

«ወደ ቤቴ የሚሄድ ጭነት የለማ!»

ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

2 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፤ ሞጆ

ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም፣ ትኩስ ፓስቲ፣ የከብት አቧራ። ተሳፋሪው ወርዶ እጁን ይታጠባል፣ ይንጠራራል፣ ይቀልዳል። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። አንዲት ቡና ነጋዴ «ወንድሜ፣ ሰዓቱን ብታየውም ባታየውም ይሄዳል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ግን ሰው ሲጨንቀው ምክር መቼ ይሰማል?

እንቅልፍ የለኝም። ሁለት ሌሊት ሙሉ አልተኛሁም፤ ዓይኔ ግን እንደ ጉጉት ፈጧል።

4 ሰዓት ሊሆን ሲል፤ ዝዋይ

መስኮቱ ሥር ዓሣ ሻጮች ይጮኻሉ። የተጠበሰ ዓሣ በአሮጌ ጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ሚጥሚጣው በቁራጭ ወረቀት። ጋሽ ተሰማ ገዝተው ግማሹን አቀበሉኝ፤ አልወርድ አለኝ። ጉዞው ሲቀጥል እያኘኩ ያወጉኛል።

«እኔ ዛሬ አዋሳ አድሬ ነገ እመለሳለሁ። ማታ ቤቴ ነኝ። ሚስቴ ቀኑን ታውቀዋለች፤ የምገባበትን ሰዓት አስልታ ውኃ ታሞቅልኛለች። ያንተዋ ምን ታውቃለች?»

«ምንም አታውቅም፣ ጋሼ። እኔም አላውቅ።»

«ስታርፍስ ምን ትሠራለህ?»

«እተኛለሁ። ማታ እገባለሁ፣ መጋረጃውን ጋርጄ ቀኑን ሙሉ እተኛለሁ፣ ሳይነጋ እወጣለሁ።»

ጋሽ ተሰማ አንገታቸውን ነቀነቁ። «እኔስ አብራሪ ሲባል ገነት ይመስለኝ ነበር። ኑሮስ የኔ ይሻላል!» አሉ። ቀናሁባቸው፤ በሾፌር እቀናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

5 ሰዓት፤ ሻሸመኔ መግቢያ፣ ኬላው

ሁሉም ይውረድ ተባለ። አንድ ፈታሽ ቦርሳዬን ከፍቶ የዱቄት ወተት ሁለት ቆርቆሮ፣ አምስት ሳሙና፣ ለሮማን የገዛሁትን ጫማ እያወጣ መሬት ላይ ደረደረው።

«የውጭ ዕቃ ነው። ደረሰኝ?»

ደረሰኙ ቦሌ ክፍሌ ውስጥ ነው አልሁት። ሰማኝ፤ ግን አልሰማኝም። ሌላውን መንገደኛ ሊፈትሽ ሄደ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ፣ አሥራ አምስት። ስንት ዐውሎ ነፋስ ውስጥ ገብቼ የወጣሁ ሰው፣ በአንድ ጥንድ የሴት ጫማ ምክንያት ቤቴን ላጣ ነው!

በመጨረሻ ጋሽ ተሰማ ከመሪያቸው ላይ ወርደው መጡ። «ጓድ፣ ይህ ሰው ከውጭ አልተመለሰም ተብሎ ሚስቱ ላይ ቤት ሊታሸግባት ነው። ቢቀር ኖሮ ጫማ ይዞላት ይመጣ ነበር?»

ፈታሹ ጫማውን አገላብጦ አየው። ከዚያ አንዱን ሳሙና ኪሱ ውስጥ ከተተና «ሂዱ» አለን። ሳሙናውን አምስቱንም ቢሆን በወሰደልኝ!

6 ሰዓት ሊሆን አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፤ አዋሳ

ታቦር ተራራ ታየኝ፣ ከዚያ የሐይቁ ነፋስ ፊቴን መታኝ። ጋሽ ተሰማ እንዴት እንደነዱ አልጠይቃቸውም፤ እግዜር ይስጣቸው። «በል ሩጥ፤ ቸር ወሬ ያሰማን!» አሉኝ። ጋሪ ላይ ዘለልሁ። ባለጋሪው ፈረሱን እየገሰጸ በጉዱማሌ ሜዳ በኩል ወደ ሐይቅ ዳር አቀናልኝ።

ሮማን ቀበሌው በረንዳ ላይ ተቀምጣለች። ከክፍል በቀጥታ ነው የመጣችው፤ ጣቶቿ ላይ ጠመኔ አለ። ስታየኝ አልጮኸችም፣ አልተጠመጠመችብኝም። የካፖርቴን እጅጌ ብቻ ያዝ አድርጋ «መጣህ?» አለች።

«መጣሁ።»

እጅጌዬን ሳትለቅ ወደ ውስጥ ይዛኝ ገባች።

ሊቀመንበሩ ለስላሳ ድምፅ ያለው ጎልማሳ ነው። የማሸጊያው ወረቀት ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ትናንት ማታ ከመሥሪያ ቤቴ ለምኜ ያጻፍሁትን ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አነበበ፤ ደግሞም አነበበ።

«ይህ ደብዳቤ ካፒቴን ግርማ አገር ውስጥ ናቸው ይላል። መልካም። እርስዎ ካፒቴን ግርማ መሆንዎን ግን አይልም።»

የቀበሌ መታወቂያዬን አወጣሁ። ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ፣ ራሴን አየ። ፎቶው ላይ ያለሁት የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ከነሙሉ ጎፈሬዬ ነኝ።

«ይህ ሰው ፀጉር አለው።»

«ነበረኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ለምስክርነት ሚስት አትበቃም። የሚያውቁዎት ሦስት ጎረቤቶች ይቅረቡ። ማሸጊያውን እስከዚያ አቆየዋለሁ።» ክፉ ሰው አይደለም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ በሚባልበት ዘመን ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው።

ሮማን እየሮጠች ሁለት ጎረቤቶች ይዛ መጣች። አንዱ ፊት ለፊታችን ያለው ባለሱቅ፣ ሁለተኛው የእርሻ ቢሮ ጸሐፊ ነው። ቆመው አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰፈር ኖረን አንተዋወቅም!

«ካፒቴን የሚባሉ ሰው እንዳሉ እናውቃለን» አለ ባለሱቁ፣ እየፈራ። «በቀን ግን አይተናቸው አናውቅም። ያላየሁትን አየሁ ብዬ ነገ ጣጣ ውስጥ እንዳልገባ…»

እውነቱን ነው። ሮማን ፊቷ አመድ መሰለ። «እማማ ማርታን ላምጣቸው» ብላ እንደገና ወጣች። እማማ ማርታ የግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው፤ ሐይቅ ዳር ሆቴል ውስጥ ልብስ ሲያጥቡ ዕድሜያቸውን የፈጁ የሲዳማ ባልቴት። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቶሎ አይደርሱም። እሳቸውም ቢሆኑ ፊቴን የሚያውቁት አልመሰለኝም። ተስፋ ቆርጬ በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥሁ፣ ጀርባዬን ግድግዳው ላይ አስደገፍሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረችኝ ሮማን ናት።

እማማ ማርታ በትራቸውን ተመርኩዘው ከግቢው በር ውጭ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ቆሙ። በሲዳምኛ አንድ ነገር አሉ፤ ከዚያ በአማርኛ ጮኹ፦ «ኧረ እሱ ነው! መጥቷል! ጌታ ይመስገን፣ መጥቷል!»

ሊቀመንበሩ ወጣ። «እማማ፣ ፊቱን እንኳ ገና አላዩትም እኮ!»

«ፊቱን ምን አደርገዋለሁ? የኔንና የነሱን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ሦስት ዓመት ይህን ማንኮራፋት ስሰማ ነው የኖርሁት። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይነሳል። ከዚያ ያፏጫል። ከዚያ ጭጭ ይላል፤ ሞተ ስትል እንደ ወፍጮ ይነሳል። ቆይ፣ ዝም በሉና ስሙት!»

ቀበሌው በሙሉ ዝም ብሎ አዳመጠኝ። እኔም፣ ሮማን እንደምትምለው፣ አንዷን ሳላጎድል እንደተባለው አደረግሁ። ተነሣሁ፣ አፏጨሁ፣ ጭጭ አልሁ። ሊቀመንበሩ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። ከዚያ ወፍጮው ተነሣ።

«ይሄማ እሳቸው ናቸው!» አለ ባለሱቁ። «መንገድ ማዶ ድረስ ይሰማናል!» ጸሐፊውም «እኔስ የውኃ ሞተር ይመስለኝ ነበር» ብሎ ሆዱን ያዘ።

በሳቁ ባነንሁና ብድግ አልሁ። «ዕቃው ሞላ?» ብዬ ጠየቅሁ ይሉኛል።

«ሞልቷል፣ ካፒቴን» አለ ሊቀመንበሩ እንባውን እየጠረገ። «ሦስት ምስክር ሞልቷል።» የማሸጊያውን ወረቀት ለሁለት ቀደደው። ቃለ ጉባኤው ላይ «በአካል ቀርቦ በጎረቤቶቹ ተለይቷል» ተብሎ ተጻፈ፣ ማኅተም አረፈበት። የስኳሩም ካርድ ተመለሰ። እሰይ! ከትከሻዬ ላይ አንድ ሙሉ የቡና ጭነት ወረደልኝ።

7 ሰዓት ተኩል፤ ወደ ቤት

በጠራራ ፀሐይ በሰፈሬ ውስጥ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። ባለሱቁ ወሬውን ቀድሞን አዳርሶታል፤ ሰው በየደጁ ቆሞ «እንኳን ደህና መጡ፣ ካፒቴን!» ይለኛል፣ አፉን ሸፍኖም ይስቃል። ይሳቅ! እኔም እስቃለሁ። እማማ ማርታን ክንዳቸውን ይዤ በዝግታ እንራመዳለን።

«አስቸገርሁዎት አይደል፣ እማማ? ሦስት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ነሣሁዎት።»

«ተው ልጄ። አንተ እያለህ እኔም እተኛለሁ፤ ጎረቤት ወንድ አለ እላለሁ። ክፉው ይሄ አርባ አምስት ቀን ነበር። በዚያ ግድግዳ የሮማንን ልቅሶ ብቻ ነበር የምሰማው። ጌታ ሆይ፣ ያን ድምፅ መልስላት እያልሁ ስጸልይ ነበር።»

ወደ ሮማን ዞር አልሁ። ማልቀሷን አልጻፈችልኝም። ቀድማን ሄዳ በሩን እየከፈተች ነው፤ ጀርባዋን ሰጥታኛለች።

ቤቴ ገባሁ። ጫማዋን ለካችው፤ ልክ ነው። መጋረጃውን ጋረደችልኝ፤ ካፖርቴን አውልቄ አልጋው ላይ ወጣሁና እንደ ልማዴ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። ከተጋባን ጀምሮ በክርኗ ጎሸም እያደረገች «ወደ ጎንህ ዙር፣ ሰው አስተኛ» የምትለኝ ሴት ናት።

ትከሻዬን ይዛ ወደ ራሷ መለሰችኝ።

«የለም» አለች። «ዛሬ በጀርባህ ተኛ። እማማም ይስሙህ።»