ረቡዕና ዓርብ የሚሠራው ማሽን

ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል የተዛወርሁት በካርድ ክፍል ብዙ ዓመት ከሠራሁ በኋላ ነው። ክፍሉ ረዳት አልነበረውም። የክሊኒካችን ሥራ አስኪያጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሴን ከማኅደሬ አይቶ ላከኝ። ፀጉሬ ያኔ መሸበት ጀምሮ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን የክፍሉ ኃላፊ አቶ ታደለ አንዲት ትንሽ ሣጥን ከፊቴ አስቀመጠ። በዕድሜ ልጄ ይሆናል። በሣጥኗ ውስጥ መዳፍ የምታክል የጡንቻ ማነቃቂያ ማሽን፣ ሽቦዎችና ፓዶች ነበሩ። ፓድ የምንለው በአንድ ፊቱ የሚያጣብቅ፣ ኤሌክትሪኩን ወደ ቆዳ የሚያደርስ ስስ ነገር ነው።

“እትዬ ዘነበች፣ ክንድዎ ላይ ይለጥፉት” አለኝ።

የእጄ አንጓ ላይ ለጠፍሁት። በዚያ ሰሞን ያመኝ የነበረው እዚያ ነው። ሲያበራው አጥንቴን ወጋኝ እንጂ ሌላ የሆነ ነገር የለም።

“የሚያምዎትን ቦታ ይተዉት። የሚሠራውን ጡንቻ ይፈልጉ። አንድ እጅዎን ይጨብጡና በሌላው ይዳስሱት። የሚጠጥረው የቱ ጋ ነው?”

ዳሰስሁ። ከክርኔ ዝቅ ብሎ ነበር። እሱ ማሽኑን አጠፋው፤ እኔ ሁለቱን ፓዶች አራርቄ እዚያ ለጠፍሁ። ኃይሉን ቀስ እያለ ሲጨምረው ጣቶቼ ያለ ፈቃዴ ተጨበጡ። አቶ ታደለ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ግን ገባኝ።

ከዚያ በኋላ የተማርሁት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን መመሪያ ነው። ልቡ ላይ መሣሪያ ለተተከለለት ሰው ማሽኑ አይደረግም። አንገት ላይ፣ ደረት ላይ፣ ቁስል ላይ አይለጠፍም። ቆዳው ይታጠባል፣ ይደርቃል። ማሽኑ ጠፍቶ ይለጠፋል፣ ጠፍቶ ይነሣል። እኔ አንድ ነገር ጨመርሁ፤ ማሽኑን ወደ ቤት ለሚወስዱት ቦታው እንዳይጠፋቸው የፓዱን ዙሪያ በእስክሪብቶ አሰምርላቸዋለሁ።

ቄስ ይርዳው የመጡት የመስቀል በዓል ባለፈ በሳምንቱ ነው። ከገነተ ማርያም በኩል በበቅሎ መጡ፤ ሚስታቸው ወይዘሮ አበባ ከኋላ በእግር። ቄሱ ከደረጃ ወድቀው ጉልበታቸው ተሰብሮ ነበር። ጀሶው ሲፈታ ጭናቸው ሰልሎ ተገኘ። አልጋ ላይ አስተኝቼ እግርዎን ያንሡ ስላቸው ተረከዛቸው ከአንሶላው አልተላቀቀም።

“ለኅዳር ማርያም እደርሳለሁ ወይ?” አሉኝ።

“ምን አለብዎት አባ?”

“ቅዳሴ አለብኝ። አለቃችን ቆመህ መቀደስ ካልቻልህ ተራህን ለሌላ እሰጣለሁ ብለውኛል። እውነታቸውን ነው። ቁጭ ብሎ የሚቀድስ ቄስ የት ታየ?”

ማሽኑን አዋስናቸው። አንዱን ፓድ ከጭናቸው ላይኛው ክፍል በውጭ በኩል፣ ሌላውን ከጉልበታቸው ሎሚ ከፍ አድርጌ ወደ ውስጥ በኩል ለጠፍሁ፤ ዙሪያቸውንም አሰመርሁ። ወይዘሮ አበባ ሦስት ጊዜ ለጥፈው አሳዩኝ። ሦስቱንም ጊዜ አልተሳሳቱም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። ተረከዛቸው አሁንም አልተነሣም። አቶ ታደለ ወደ ጎን ጠራኝ።

“ማሽኑን የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ለውጥ ካልታየ መልሰን እንወስደዋለን።”

ስመለስ ቄሱ በተኙበት ፈገግ ብለዋል።

“ሲስተር፣ ይህ ማሽናችሁ ጾመኛ ነው።”

“እንዴት አባ?”

“ረቡዕና ዓርብ ደህና ይሠራል። በፍስኩ ቀን ይለግማል።”

ወይዘሮ አበባም “እውነታቸውን ነው፤ በሌላው ቀን እየተንሸራተተ ይወድቃል” አሉ።

ሲስተር አይደለሁም፤ ግን ሁሉም እንዲያ ይሉኛል። ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ።

“ወይዘሮ አበባ፣ ማክሰኞ ጧት ምን ምን እንዳደረጉ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።”

“እንዳሉኝ እግራቸውን አጠብሁ፣ አደረቅሁ። ከዚያ ቅቤ አቅልጬ አሸሁላቸው፤ ወጌሻው ያዘዘው ነው። ከዚያ ማሽኑን።”

“ረቡዕስ?”

“ረቡዕ ቅቤ?” አሉና ትክ ብለው አዩኝ። “ሲስተር፣ እርስዎ ክርስቲያን አይደሉም? በጾም ቀን ቄስ ላይ ቅቤ አስነካለሁ?”

ፓዶቹን ገልብጬ አየኋቸው። ቢጫ ሆነዋል። ጭናቸው ላይ የእስክሪብቶው መስመር ታሽቶ ደብዝዟል፤ በቅቤው ቀን ፓዱ ሲንሸራተት የሚያመው ጉልበት ላይ ይለጥፉት እንደ ነበርም ወይዘሮ አበባ ነገሩኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ታጥቦ ይድረቅ ብያለሁ፤ ከደረቀ በኋላ ቅቤ አይቀባ አላልሁም።

ጭናቸውን በሳሙና አጠብሁ፣ አደረቅሁ፣ አዲስ ፓዶች ለጥፌ ዙሪያቸውን ደግሜ አሰመርሁ። ኃይሉን ስጨምር የጭናቸው ጡንቻ ጠጠረ፤ የጉልበታቸው ሎሚ ወደ ላይ ተሳበ።

“አሁን እርስዎም አብረው ያንሡ አባ።”

ጥርሳቸውን ነከሱ። ተረከዛቸው ከአንሶላው ተላቀቀ። አቶ ታደለ ጎንበስ ብሎ እጁን ከተረከዙ በታች አሳለፈ፤ አልነካውም። ማሽኑን ስለ መመለስ ሌላ አልተናገረም።

“ቅቤውን ግን ብተው ወጌሻው ይከፋዋል” አሉ ወይዘሮ አበባ።

“አይተዉት። ማታ ይቀቧቸው፣ ጧት በሳሙና አጥበው ማሽኑን ያድርጉ።”

“ማታ ነው እንዴ? ይሄማ ቀላል ነው።”

በየሳምንቱ መጡ። መጀመሪያ በበቅሎ፣ ቀጥሎ በምርኩዝ፣ በመጨረሻ ምርኩዙን ለወይዘሮ አበባ አሸክመው።

ኅዳር ሃያ አንድ ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው መንገዱ እስኪያልቅ በባጃጅ፣ የቀረውን በእግሬ ሄድሁ። ቄስ ይርዳው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆመው ቀደሱ። እኔ ሁለት ጊዜ ተቀመጥሁ።

ማሽኑን ሊመልሱ ሲመጡ በሁለት እጃቸው ለአቶ ታደለ ሰጡት።

“እንኩ። ሃይማኖቱን አስለውጬ ነው የመለስሁላችሁ፤ አሁን ሰባቱንም ቀን ይሠራል።”

አቶ ታደለ ከክፍሉ ግድግዳ ላይ ያለውን መመሪያ አውርዶ እስክሪብቶ ሰጠኝ። ከሁሉም በላይ አንድ መስመር ጻፍሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም እዚያው አለ።

ፓድ ከመለጠፍህ በፊት ቆዳው ላይ ምን እንደሚቀባ ጠይቅ።