ሥጋ የሌለው ምግብ ቤት

የእህቴ ልጅ ከደብረ ታቦር ደወለችልኝ። ምግብ ቤት ልትከፍት ነው። «አክስቴ፣ ብቻዬን ልጀምር ወይስ ከጓደኛዬ ጋር? እንቅልፍ አጣሁ» አለችኝ። የእኔም ዘመን ድቅን አለብኝ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔና ጓደኛዬ ዘይነባ ሐሙሲት ላይ፣ ሚኒባስ ከሚቆምበት ፊት ለፊት፣ አንዲት ክፍል ተከራየን። እናቴ ያለቻትን አንድ ጊደር ሸጣ ድስትና አግዳሚ ገዝታልኛለች፤ ከከሰርኩ ሌላ ጊደር የለንም። እኔ ክርስቲያን፣ እሷ ሙስሊም፤ አንዳችን የሌላችንን ሥጋ ስለማንበላ ሽሮ፣ ምስርና ድንች ወጥ ብቻ ልንሠራ ተስማማን። ቸኩለን የከፈትነው ግን በፋሲካ ማግስት! ጾሙን ሙሉ ሽሮ የሰለቸው ሰው በራችንን አልፎ ሥጋ ወዳለበት ይሮጣል። ወጡ ሳይነካ ይመሻል፤ እኔም የጊደሯን ዋጋ ስቆጥር አድራለሁ።

አጎቴ መጥተው ባዶውን አግዳሚ አዩ። «በፋሲካ ሽሮ! ሥጋ ሥሪ እንጂ ልጄ፤ የእናትሽን ጊደር በላሻት እኮ!»

«ዘይነባስ አጎቴ? እርስዎ እንደሚሉት ካደረግሁ ድስቱን አትነካውም።»

«እሷም የራሷን ትክፈታ።»

ዘይነባ ከጓዳ ሰምታለች። «የመሰለሽን አድርጊ፤ እኔ ከእናቴ ጋር ጉልት እቀመጣለሁ» አለችኝ፣ ድንች መላጧን ሳታቆም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ገበያ ነበር። አጎቴ እንዳሉት ሥጋ ልገዛ ማልጄ ሥጋ ቤት ተሰለፍኩ። ሁለት በርበሬ ነጋዴዎች ከአንበሳሜ መኪና ወርደው እየተሳሳቁ መጡና በሩ ላይ ቆሙ። «በል፣ በልተን እንገናኝ» ተባብለው አንዱ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ኮፊያ ያደረገው ሙስሊሙ ብቻውን ወደ ማዶ ተሻገረ። አብረው ይነግዳሉ፣ አብረው ይጓዛሉ፣ ምግብ ይለያያቸዋል። ሰልፉን ትቼ ተከተልኩት።

«እኛ ቤት ከጓደኛዎ ጋር መብላት ይችላሉ» አልኩት።

«የማን ሥጋ ነው?»

«የማንም። ድንች ነው።»

ሳቀና ጓደኛውን ጠራው። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባባሉ እኛ ቤት ከአንድ ትሪ ተጎራረሱ። ዘይነባ ድንች መላጧን ትታ እንጀራ ጨመረችላቸው። በሳምንቱ ሌሎች ነጋዴዎችን ይዘው መጡ።

ይህን ሁሉ ለልጅቷ ነገርኳት። «ፍርሃቱ መቼ ለቀቀሽ ታዲያ?» አለችኝ።

ጥያቄዋን ጮክ ብዬ እየደገምኩ ወደ ጓዳ አየሁ። ዘይነባ ፀጉሯ ሸብቶ ድንች ትልጣለች። «ንገሪያት እንጂ» አለች፣ «ዛሬም ስልኩን ይዘሽ ዓይንሽ በር ላይ ነው።»

እውነቷን ነው። ዕለቱ ሐሙስ፣ የገበያ ቀን ነበር። ወጡ ደርሷል፤ ሰው ገና አልገባም።