ላንድሎርዱን ጌታ ያልኩት ለት

ባለፈው ማክሰኞ ቱክዊላ ከተማ ካለው ስራዬ ቤት ስገባ ልጄ መኝታ ቤቷን ቆልፋ አገኘኋት። የህንጻችን ማናጀር ሳያንኳኳ በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ገብቶ ኖሯል። ቧንቧ ልፈትሽ ነው ብሏታል። አስራ አራት ዓመቷ ነው፣ ብቻዋን ነበረች። ደሜ ፈላ። ከንዴቱ ስር ደግሞ ፍርሃቱ አለ፤ ብናገር ውጡ ቢለንስ? በዚህ ዝናብ ልጅ ይዤ የት እገባለሁ?

እማማ ኖራ ትዝ ያሉኝ ያኔ ነው። ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት፣ ገና ወጣት ሆኜ እዚህ ሰው አገር እንደመጣሁ፣ ቡሪየን የሚባል ከተማ ውስጥ እኚህን የአየርላንድ አሮጊት አስታምም ነበር። ከአውቶብስ ወርጄ ረጥቤ ስደርስ የድንች ሾርባቸው ሽታ ደረጃው ላይ ይቀበለኛል። ብቻ ጨው አያውቅም።

አንድ ቀን እግራቸውን ሳጥባቸው በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተና ላንድሎርዱ፣ ቤቱን ያከራያቸው ሰውዬ፣ ዘው አለ። እኔ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። «ሎርድ» ማለት ጌታ እንደሆነ ከጸሎት ሰምቻለሁ፤ ሶ ላንድሎርድ ሲባል የመሬት ጌታ፣ ትልቅ ሹም መሰለኝ። ብድግ ብዬ እጅ ነሳሁና «ሄሎ ሎርድ» አልኩት።

እማማ ኖራ እግራቸው ሳፋ ውስጥ እንዳለ በእርጥቡ ፎጣ ደረቱን አሉት።

«ውጣና አንኳኳ።»

ወጣ። አንኳኳ።

«ዛሬ አልመቸኝም፣ ነገ ና» አሉት።

ሰውዬው ሲሄድ ጠየቅኳቸው። «እማማ፣ ጌታ ይመታል እንዴ?»

«ጌታ ነው ያለሽ ማነው?» ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ሳቁን ትተው የአገራቸውን ወሬ ነገሩኝ። ከመንደራቸው በላይ አሮጌ ግንብ አለ። ባለ ግንቡ ጭሰኞቹ በራቸው ላይ መወርወሪያ እንዲያደርጉ አይፈቅድም ነበር፤ ባሰኘው ሰዓት ይገባል። አንዲት ሴት ልጆቿን ብላ መወርወሪያ አደረገች። በብርድ ወራት ጣራዋን አስነቀለው። እሷም ጸጉሯን ፈትታ፣ መንገድ ላይ ተንበርክካ «በርህ አይዘጋልህ» ብላ ረገመችው። ከዚያ ወዲያ የግንቡ በር እምቢ አለ። ማታ ቢቸነክሩት ጠዋት ወለል ብሎ ይገኛል። ብርዱ ባለቤቶቹን አስለቀቃቸው፤ ዛሬ የቁራ ቤት ነው ይላሉ።

«ልጆቿስ?» አልኳቸው።

«ልጆቿማ መንገድ ላይ አለቁ። ሰው ይሄን ሲያወራ እሱን ይዘለዋል።»

ያን ጊዜ ልጅ አልነበረኝም፤ የተደነቅኩት በበሩ ነበር። የልጆቿ ነገር አሁን ነው የሚያንገበግበኝ።

በማግስቱ ረቡዕ ልጄን ይዤ ማናጀሩ ቢሮ ገባሁ። «ሁለተኛ ሳታንኳኳ ብትገባ ፖሊስ ኮል አደርጋለሁ በይው» አልኳት። በእንግሊዝኛ ረጅም ነገር አለችው፤ ሁለት ጊዜ «ፕሊስ» ሰማሁ።

«እኔ ፕሊስ አላልኩም።»

«እማዬ፣ ፖላይት እንሁን፣ ኦኬ?»

«የተገባብሽ አንቺ ነሽ። እንደተሰማሽ ንገሪው።»

ወደ ሰውዬው ዞረች። ከዚያ አይን አይኑን እያየች አጭር ነገር ተናገረች፤ እኔ እንኳን አንድ ቃል አላመለጠኝም። ሰውዬው ፊቱ ቀላ፣ «ኦኬ» አለ።

ያስወጣን አያስወጣን አላውቅም። ወጥተን መኪናችን ውስጥ ገባን። ግን ያቺን ተራጋሚ ሴት ግንቡ የቁራ ቤት መሆኑ ምን ጠቀማት? ልጆቿ የሉም። የኔ ልጅ ግን አጠገቤ ቁጭ ብላ ቀበቶዋን እያሰረች «እማዬ፣ ራበኝ» አለችኝ።