ግድግዳችን ላይ ያለው ጃፓናዊ

ልጅ አባቷን የምታውቀው በምንድን ነው? እኔ እስካሁን መልሱ አልመጣልኝም።

ባለቤቴ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ ልጃችን ገና በሆዴ ነበረች። እዚህ ሶዶ በተከራየናት ክፍል ግድግዳ ላይ የአንድ ጃፓናዊ ኳስ ተጫዋች ፖስተር ለጥፎ ነበር። «ይሄ ሰው በሰው አገር ተጫውቶ ስሙን አስጠርቶ ነው አገሩ የገባው። ኳስ ያቆመ ቀን ስታዲየም ሙሉ ሰው አልቅሶለታል። እኔም እንደሱ ነው የምመለሰው» ብሎኝ ሄደ።

ከዛ መደወሉን ተወ፣ ስልኩም አልሠራ አለ። ልጄ አፏን ስትፈታ ፖስተሩን «አዋ» አለችው፤ በወላይትኛ አባት ማለት ነው። ከምታለቅስብኝ ብዬ አላረምኳትም። እሱን ሳትስም ምግብ አትበላም።

ባለፈው ሳምንት ባሌ ሳይነግረኝ መጣ። ከስቷል፣ ከአንድ አሮጌ ሻንጣ በቀር እጁም ባዶ ነው። ከባጃጅ ሲወርድ ጎረቤት እንኳን አልወጣለትም። «ነይ የኔ እናት፣ አዋ እኮ ነኝ» ሲላት ቀሚሴ ውስጥ ተደበቀች። «አዋ እዛ ነው» ብላ ግድግዳውን አሳየችው።

ደንግጬ ፖስተሩን ልገነጥል ስል እጄን ያዘኝ።

«ተይ፣ አባት አታሳጫት» አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ሻንጣውን መልሶ ሲያስር አገኘሁት። ምን ብዬ ላስቀረው? የወለዳችሁ እስቲ ምከሩኝ።