የማንም ያልሆነ ማሳ

የሁለት ወረዳ ውሃ ሠላሳ እርምጃ ሲቀረው ቆመ።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ሁለት ጎረቤት ወረዳዎች ከአንድ ምንጭ ሊጠጡ ተስማሙ። የቧንቧውን ቦይ እያንዳንዱ እስከ ድንበሩ ሊቆፍር ተከፋፈሉ። እኔ ያኔ የቀን ሠራተኛ ነበርሁ፤ ካልቆፈርሁ አልበላም። የእኛ ወረዳ ከእማማ ጥሩነሽ የበቆሎ ማሳ በላይ፣ የእነዚያ ደግሞ ከማሳው በታች ቆመ። ሁለቱ ኃላፊዎች ማሳው ዳር ተገናኙ።

«ይኼ የእናንተ ነው።»

«ኧረ የእናንተ ነው!»

ሰው መሬት ልውሰድ ብሎ ሲጣላ እንጂ ውሰዱልኝ ብሎ ሲጣላ አይቼ አላውቅም።

ከወንዝ ውሃ ተሸክመው የመጡት እማማ ጄሪካናቸውን አወረዱ። «ልጆቼ፣ ለስብሰባ ሁለታችሁም ትጠሩኛላችሁ። ለውሃ ሲሆን የማንም አይደለሁም?»

«ይታገሡ እማማ፣ ድንበሩን በደብዳቤ እንጠይቃለን» ብለው ኃላፊዎቹ በየመኪናቸው ሄዱ። አሠሪያችንም በተነን።

እየተራገምሁ መንገድ ከጀመርሁ በኋላ አካፋዬን መርሳቴ ትዝ ብሎኝ ተመለስሁ። እማማ በአካፋዬ በቆሏቸውን እየነቀሉ ይቆፍራሉ።

«ምን እያደረጉ ነው እማማ?»

«ድንበሩን እየፈለግሁ ነዋ! ካገኘሁት እነግራቸዋለሁ።»

አካፋውን ተቀበልኋቸው። ከሁለት ወረዳ ሰው ቦዩ ላይ የቀረነው እሳቸውና እኔ ነበርን።