የዮዲ ፀጉር በሁለት ሴቶች እጅ

ፀዳለ ኮልፌ 18 ማዞሪያ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። የእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ከእሷ ሱቅ ጋር አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ስለሚጋራ፣ የስፌት መኪናዋን ድምፅ ሰምቼ ቀኑ እንዴት እንደዋለላት አውቃለሁ። ደስ ሲላት መኪናው ቀስ ይላል፤ ሲከፋት ይሮጣል። ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ያለማቋረጥ ይሮጥ ነበር።

ምክንያቱ ዱሬቲ ናት። የፀዳለ የቀድሞ ባል ባምላኩ አዳማ ሦስት ዓመት ሠርቶ ሲመለስ፣ ዱሬቲ የምትባል የሰበታ ልጅ አግብቶ ቤቴል ሰፈር ቤት ተከራየ። ሽማግሌዎች ተቀመጡና የሰባት ዓመቷ ዮዲ ቅዳሜና እሁድን አባቷ ጋ እንድታሳልፍ ተስማሙ። ፀዳለ በባምላኩ አልቀናችም፤ እንዲያውም “መርቄ ሰጥቻታለሁ” እያለች ትቀልድ ነበር። በልጇ ግን ቀናች።

በመጀመሪያው እሁድ ዮዲ ፀጉሯን ተሠርታ መጣች። ሹሩባው ቀጫጭን ነው፤ መስመሩ በክር የተለካ ይመስላል። ፀዳለ ማን እንደሠራት ጠየቀቻት።

“አንቲ ዱሬ” አለች ዮዲ። “እሷ ስትሠራኝ አያመኝም።”

ፀዳለ ይህችን ንግግር ስታጫውተኝ ሦስት ጊዜ ደጋገመቻት። ሰባት ዓመት ሙሉ ያን ፀጉር ያጠበችው፣ የቀባችው፣ ስታለቅስባት እያባበለች የሠራችው እሷ ናት። በዚያው ምሽት ልጇን ጉልበቷ መሀል አስቀመጠችና ሹሩባውን አንድ በአንድ ፈታችው። ዮዲ ለምን እንደምታፈርሰው ስትጠይቃት፣ በጣም ጠብቋልና ራስሽን ያምሻል አለቻት። ከዚያ ወዲያ እሁድ በመጣ ቁጥር ነገሩ ያው ሆነ፤ ቤቴል የተሠራው ኮልፌ ይፈታል።

ቅናት ሥራ አያስፈታም ያለ ሰው ፀዳለን አላያትም። ዮዲ ስትመለስ መጀመሪያ ፀጉሯን ታሸታለች፤ ምን ዓይነት ቅባት እንደተቀባች ለማወቅ ነው። ቀጥላ ምን በላሽ፣ የት ተኛሽ፣ አንቲሽ ምን ለብሳ ነበር ትላለች። የዱሬቲን የቴሌግራም ፎቶ አሥር ጊዜ ከፍታ አይታ፣ አሥር ጊዜ “እንዲያው ምኗ ነው?” ብላኛለች። ዱሬቲ ስልክ ስትደውል “እትዬ ፀዳለ” ትላታለች። እሷ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነውና በአክብሮት ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ለሞላት ፀዳለ ግን ስድብ ሆኖ ይሰማት ነበር።

በአምስተኛው እሁድ ሹሩባውን ስትፈታ ከዮዲ ጆሮ ኋላ አንድ ነገር ሲሄድ አየች። ቅማል ነው። ጠጋ ብላ ስታይ ከሰሊጥ ያነሱ ነጫጭ ነገሮች ፀጉሩ ላይ ተጣብቀዋል። ፎረፎር ቢሆን ይራገፍ ነበር፤ ይህ ግን በጣት ሲገፋ እንኳ ንቅንቅ አይልም። ቅጫም ነው።

ሌላ እናት ብትሆን ትደነግጥ ነበር። ፀዳለ ግን ደስ አላት። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት።

ሰኞ ጠዋት ሱቄ ስትገባ ፊቷ በርቷል። ያቺ እጀ ወርቅ የተባለችው ሴትዮ ቤቷ ምን እንደሚመስል አሁን ታወቀ አለች። ሽማግሌዎቹን ጠርታ ዮዲ ሁለተኛ ቤቴል እንዳትሄድ ልታደርግ ነው። በእጇ ነጭ ጋዝ በፕላስቲክ ይዛለች። እናቷ በልጅነቷ በዚህ ቀብታ ነው ቅማሏን ያጠፋችላት፤ ዮዲንም ማታ ልትቀባት አስባለች። እኔ በዚህ የተቃጠለች የጎረቤት ልጅ አውቃለሁ። ፀጉሯ ላይ ጋዝ እንዳለ ምድጃ ጠጋ ብላ ነው። ይህን ነግሬ ፕላስቲኩን ከእጇ ወሰድኩና ጤና ጣቢያ ሂጂ አልኳት። እሺ ያለችኝ ለእኔ ብላ አይደለም፤ ለሽማግሌዎቹ የምታሳየው ወረቀት ፈልጋ ነው።

ጤና ጣቢያ ያገኘቻቸው ነርስ ሲስተር ብርቱካን ይባላሉ፤ ጡረታቸው የደረሰ፣ የማይቸኩሉ ሴት ናቸው። ዮዲን መስኮት አጠገብ አስቀምጠው ፀጉሯን እየከፈሉ አዩ። ፀዳለ ገና ምንም ሳትጠየቅ ልጅቷ ይህን ያመጣችው ከእንጀራ እናቷ ቤት እንደሆነ ተናገረች፤ ከሄደች አምስት ሳምንቷ ነው አለች።

ሲስተር አንዲት ዘለላ ፀጉር ለይተው ያዙላት። “ቅማል እንቁላሏን የምትጥለው ከፀጉሩ ሥር ነው፤ ፀጉር ደግሞ በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ቢያድግ ነው። ይኸው፣ ባዶው ቅርፊት የት እንደደረሰ እዪ። ይኼ ከሁለት ወር ያልፈዋል፣ የኔ ልጅ። ወደዚያ ቤት ሳትሄድም ነበረባት።”

ቀጥለው ፀዳለን ሻሿን እንድትፈታ ጠየቋት። ብዙ ጊዜ ሲያሳክካት ፎረፎር ነው እያለች ነበር። አልነበረም። እናትና ልጅ የሚተኙት አንድ አልጋ ላይ፣ አንድ ትራስ ላይ ነው።

ሲስተር አላሳፈሯትም። ቅማል የቆሻሻ ምልክት አይደለም፣ ንጹሕ ፀጉርም ላይ ይኖራል አሉ። አይዘልም፣ አይበርም፤ ራስና ራስ ሲነካካ ነው የሚሻገረው፤ አንዳንዴም በጋራ ማበጠሪያና በሻሽ። ልጅቷ ያገኘችው ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል፤ ማሳከኩ ዘግይቶ ስለሚጀምር ማንም ቶሎ አያውቅም። መላጨት አያስፈልግም፤ ጋዝና የትንኝ መርዝ በጭራሽ። ለሁለቱም የሚሆን መድኃኒት ጻፉ፤ እንደታዘዘው ተቀብቶ ይታጠባል፣ በዘጠነኛው ቀን ይደገማል፤ የመጀመሪያው መድኃኒት የማይገድለው እንቁላል እስከዚያ ስለሚፈለፈል ነው። በመሀል እርጥብ ፀጉር ላይ ኮንዲሽነር ተቀብቶ ጥርሱ በተቀራረበ ማበጠሪያ ከሥር እስከ ጫፍ ይበጠራል። የትራስ ልብስና ሻሽ በሙቅ ውኃ ይታጠባል። በመጨረሻ አንድ ነገር አጥብቀው ተናገሩ፤ ልጅቷ የምታድርበት ቤት ሁሉ በአንድ ቀን መታየት አለበት፤ አለዚያ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይመላለሳል።

ፀዳለ ሁሉንም አደረገች፤ ይህችን የመጨረሻዋን ብቻ ተወች። ለዱሬቲ “ከእኔ ቤት ነው የመጣባችሁ” ብሎ መደወል ከሞት ከበዳት። በዚያ ቅዳሜ ዮዲን ጉንፋን ይዟታል ብላ ዋሽታ አስቀረቻት፤ ልጅቷ አልቅሳ አደረች። በዘጠነኛው ቀን መድኃኒቱ ተደገመ፣ ሁለቱም ነጹ። ከዚያ ዮዲ ሁለት ቅዳሜ ቤቴል ሄደች። በሁለተኛው እሁድ ስትመለስ ፀዳለ ማበጠሪያውን ነጭ ጨርቅ ላይ ስትጠርገው ሁለት ቅማል ወደቀ። ያኔ ደስታ የለም። እኔ ጋ መጥታ ጨርቁን አሳየችኝ። በማግሥቱ ሱቋን ዘግታ፣ አየር ጤና ታክሲ ቀይራ ቤቴል ሄደች።

ባምላኩ ሥራ ላይ ነበር። በሩን የከፈተችው ዱሬቲ ናት፤ ራሷን በሻሽ አስራለች። ፀዳለ ታክሲ ውስጥ ብዙ ስታሰላስል መጥታ ነበር፤ ነገር ግን ገና ተቀምጣ የዮዲ ራስ ላይ ቅማል እንዳለ ብቻ እንደተናገረች ዱሬቲ አቀርቅራ ማልቀስ ጀመረች።

“አውቃለሁ፣ እትዬ። ካየሁ ሳምንት አልፎኛል። እኔም ላይ አለ። ለፋሲካ ሰበታ እናቴ ጋ ስሄድ ከእህቴ ልጆች ጋር ተኝቼ ነበር፤ ከዚያ ይዤ ያጋባሁባት መሰለኝ። ‘የገጠር ሴት ልጄን አበላሸችብኝ’ ትላለች ብዬ ፈራሁሽ።”

ፀዳለ በዚያች ደቂቃ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። እውነቱን የምናውቀው ሲስተርና እኔ ብቻ ነን። ለዚያች ሴት ላለፉት ሁለት ወራት የተመኘችላት ጥፋት ይኸው ዱሬቲ ራሷ ተሸክማዋለች። ዝም ለማለት እንደቃጣት አልደበቀችኝም። ከዚያ የዱሬቲን ጣቶች አየች፤ ሻሿ ሥር ገብተው ያክካሉ።

“ከእኔ ነው” አለች። “ጤና ጣቢያ ከነገሩኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። ደብቄሽ ነው።”

ዱሬቲ እንባዋን ጠርጋ ቀና አለች። ተቆጣች። ይህን ሁሉ ጊዜ ራሴን ስረግም ነበር ብላ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፣ ቆየችም። ፀዳለ ልሂድ አልሂድ እያለች ሳለ ፎጣና ማበጠሪያ ይዛ ወጣች።

“ተቀመጪ” አለቻት፤ እትዬ አላለችም። “የራስሽን ራስ በራስሽ አታዪውም።”

ፀዳለ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዱሬቲ ፀጉሯን አርጥባ፣ ኮንዲሽነር ቀብታ፣ በትንሽ በትንሹ እየከፈለች አበጠረቻት። እጇ ቀላል ነው። የተቋጠረ ሲያጋጥማት ሥሩን በሌላኛው እጇ ይዛ ነው የምትፈታው። ፀዳለን አንድም ጊዜ አላመማትም፤ ልጇ እውነቷን ነበር። ይህን ስታውቅ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ከጸጸት ይልቅ ከቅናት እንደሆነ ነግራኛለች። ከዚያ ተራው ተለወጠ። ፀዳለ የተቻላትን ያህል ቀስ ብላ ዱሬቲን አበጠረቻት፤ ዱሬቲ ሁለት ጊዜ “ወይ” ብላለች። ማታ ባምላኩ ሲገባ ኮፍያውን አስወልቀው አዩት፤ መላጣ ነውና ምንም የለበትም።

ሁለቱ ቤቶች በአንድ ቀን መድኃኒት ተቀቡ፣ በዘጠነኛው ቀን ደገሙ። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ዱሬቲ፣ ረቡዕ ረቡዕ ፀዳለ የዮዲን ራስ እያዩ በስልክ ይነጋገሩ ነበር። ቅማሉ ጠፋ። ቅናቱ አልጠፋም። ፀዳለ ዛሬም ዮዲ ቤቴል ምን እንደበላች ትጠይቃለች፤ ሹሩባውን ግን አትፈታውም።

ሰኔ መጨረሻ ላይ በዮዲ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ነበር። ፀዳለ ተነሥታ ልጇም እሷም ቅማል እንደነበረባቸው፣ ምን እንዳደረጉ ተናገረች። መጀመሪያ አንዳንዱ አንገቱን ደፋ። ሲወጡ ግን ዘጠኝ እናቶች ግቢው ውስጥ ከበቧት፤ ስንቶቹ በድብቅ ሲታገሉ ከርመዋል። አንዷ፣ የልጅሽንስ አንቺ አየሽ፣ የአንቺን ራስ ማን አየልሽ ብላ ጠየቀቻት።

ፀዳለ መስታወት ይዤ ራሴው ነኝ አለቻት።

ለምን እንደዋሸች ስጠይቃት መኪናዋ ላይ ጨርቅ እያስተካከለች ነበር።

“በሳምንት ሁለት ቀን ልጄን ሰጥቻታለሁ” አለችኝ። “ምስጋናውንም ልስጣት?”